ደብተሮቹ ተረፉ፣ ልጆቹ ግን አልተረፉም

«የሆሎኮስት ዳያሪ» ሲባል አብዛኞቻችን አእምሮ ላይ ቶሎ ድቅን የምትለው አን ፍራንክ ናት። ፎቶዋን አይተናል፣ ከመጽሐፏ የተቀነጨቡ ጥቅሶችን ሼር አድርገናል፣ አንዳንዶቻችንም ተማሪ እያለን መጽሐፉን አንብበነዋል። ከአን ሌላ ማን አለ ብንባል ግን ብዙዎቻችን ዝም ነው የምንለው።

ያሉት ግን ብዙ ናቸው። ፖላንድ ውስጥ፣ ሊትዌኒያ ውስጥ፣ ፕራግ ውስጥ፣ ሃንጋሪ ውስጥ፣ እድሜያቸው ከ12 እስከ 19 የሆነ አይሁዳውያን ልጆች በየቀኑ የሚደርስባቸውን ይጽፉ ነበር። ትምህርት ቤት በተረፈ ደብተር ላይ የጻፉ አሉ። ወረቀት አጥቶ በሌላ ሰው መጽሐፍ ጠርዝ ላይ የጻፈም አለ። አብዛኞቹ ተገድለዋል። ደብተሮቻቸው ግን ከወለል ሥር፣ ከባንክ ካዝና፣ ከምድጃ ላይ እየተገኙ እኛ ጋ ደረሱ።

ዛሬ ከእነዚህ ደብተሮች የተወሰኑትን አንድ በአንድ እናያለን። ማን ጻፋቸው? ለምን? እንዴትስ ተረፉ? ኢንተርኔት ላይ በየጊዜው የሚዞረውን «የአን ፍራንክ ዳያሪ ፌክ ነው» የሚለውን ወሬም እንፈትሻለን። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ፦ ምን ተፈጥሮ ነበር?

ሂትለር ጀርመን ውስጥ ሥልጣን የያዘው በ1933 ነው። የናዚ መንግሥት አይሁዶችን መጀመሪያ በሕግ ነው የገፋቸው፤ ከመንግሥት ሥራ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከዜግነት መብት እያለ አስወጣቸው። ሴፕቴምበር 1939 ፖላንድን ሲወር ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጀመረ። ከዚያ በኋላ በተያዙት የምሥራቅ አውሮፓ ከተሞች አይሁዶች «ጌቶ» በሚባሉ የታጠሩ ሰፈሮች ውስጥ ታጎሩ። በ1941 አጋማሽ ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን ስትወር የጅምላ ርሸናው መጣ፤ ቀጥሎም በጋዝ የሚገደልባቸው ካምፖች ተከፈቱ።

ጦርነቱ በ1945 ሲያበቃ 6 ሚሊዮን ገደማ አይሁዶች ተገድለው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 1.5 ሚሊዮን የሚሆኑት ልጆች ናቸው።

ይሄን ቁጥር አንብቦ ማለፍ ቀላል ነው። 1.5 ሚሊዮን ልጅ ስንት እንደሆነ ማንም በዓይነ ሕሊናው ሊስለው አይችልም። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ብስክሌቷን ሲወስዱባት የተሰማትን ስታነቡ ግን ነገሩ ይለያል። ደብተሮቹ የሚጠቅሙን እዚህ ላይ ነው።

አን ፍራንክ፦ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ዳያሪ

አንን ታውቋታላችሁ። ግን ብዙ ሰው የማያውቃቸው ነገሮች ስላሉ ከእሷ እንጀምር።

አን የተወለደችው በ1929 ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ከተማ ነው። ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ቤተሰቧ ወደ ኔዘርላንድስ ተሰደደ። ጁን 12 ቀን 1942 ለ13ኛ ዓመት ልደቷ ቀይና ነጭ የዳማ ጥለት ያለው ደብተር ተሰጣት። ሦስት ሳምንት ገደማ አለፈ። እህቷ ማርጎት ለጉልበት ሥራ ጀርመን እንድትሄድ ጥሪ ሲደርሳት፣ ቤተሰቡ በማግስቱ ጁላይ 6 ቀን ተደበቀ። መደበቂያው አባቷ አምስተርዳም ውስጥ ይሠራበት ከነበረው ድርጅት ጀርባ ያለ ቤት ነው። ስምንት ሰዎች ከሁለት ዓመት በላይ እዚያ ኖሩ።

አሁን ልብ በሉ። ማርች 28 ቀን 1944 አንና ቤተሰቧ ተደብቀው ሬዲዮ እያዳመጡ ነው። በስደት ለንደን የነበረው የኔዘርላንድስ መንግሥት ሚኒስትር ጌሪት ቦልከስታይን በሬዲዮ ቀርቦ፣ ሕዝቡ ደብዳቤዎቹንና የዕለት ማስታወሻዎቹን እንዲያስቀምጥ፣ ከጦርነቱ በኋላ እንደሚሰበሰቡ ተናገረ። አን ጋዜጠኛና ደራሲ መሆን ነበር የምትፈልገው። ይሄን ስትሰማ ሐሳብ መጣላት። ሜይ 20 ላይ ዳያሪዋን ከመጀመሪያው ጀምራ እንደ አዲስ ትጽፈው ጀመር። የማትወደውን አወጣች፣ የጎደለውን ጨመረች፣ ለሰዎቹ የብዕር ስም አወጣችላቸው፣ ለመጽሐፉም ርዕስ መረጠች። በአሥር ሳምንት ገደማ ውስጥ ወደ 50,000 ቃላት ጻፈች።

ስለዚህ የአን ዳያሪ ሁለት ዓይነት ነው ማለት ነው። አንደኛው ለራሷ የጻፈችው፣ ሁለተኛው ሰው እንዲያነብላት አርማ የጻፈችው። የመጨረሻ ጽሑፏ ኦገስት 1 ቀን 1944 ነው። ኦገስት 4 ቀን ፖሊስ መጣ። ሁለተኛው ሥራዋ ሳያልቅ ቀረ።

አን በመጨረሻ የሞተችው በርገን ቤልሰን ካምፕ ውስጥ ነው፤ ጊዜው በ1945 ፌብሩዋሪ ወይም ማርች እንደሆነ ይገመታል። ካምፑ ነፃ የወጣው ኤፕሪል 15 ነበር። ከስምንቱ ሰዎች የተረፈው አባቷ ኦቶ ብቻ ነው። ወረቀቶቹን ከመሬት ለቃቅማ፣ ሳታነብ፣ መሳቢያዋ ውስጥ ያስቀመጠችለት ከረዷቸው ሰዎች አንዷ ሚፕ ኺስ ናት። መጽሐፉ በደች ቋንቋ ጁን 1947 ታተመ።

አንድ ነገር እንጨምር። በጣም ሼር የሚደረገው የአን ጥቅስ ስለ ሰው ልጅ ደግነት የሚናገረው ነው። አን እሱን የጻፈችው ጁላይ 15 ቀን 1944፣ ከመያዟ ሦስት ሳምንት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ኦሽዊትዝንና በርገን ቤልሰንን አየች። እዚያ ሆና ምን ትል እንደነበር የጻፈችው ነገር የለም። ጥቅሱ መጥፎ ነው እያልን አይደለም፤ የታሪኩ መደምደሚያ አድርገን ስንወስደው ግን እሷ ያላለችውን እያስባልናት ነው።

ዳዊድ ሴራኮቪያክ፦ ግራም በግራም

የአን ቤተሰብ ተደብቆ ነበር። ፖላንድ ውስጥ ግን አብዛኛው አይሁዳዊ ጌቶ ውስጥ ነው የኖረው፤ ይሄ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሕይወት ነው።

ዳዊድ ሴራኮቪያክ የሎድዝ ከተማ ልጅ ነው። መጻፍ የጀመረው በ1939 ክረምት፣ ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በ14 ዓመቱ ነው። ጎበዝ ተማሪ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ብታነቡ የማንኛውም ተማሪ ደብተር ነው የሚመስላችሁ፤ ጓደኞች፣ መጻሕፍት፣ ቀልድ።

ከዚያ ጌቶው መጣ። ኤፕሪል 30 ቀን 1940 የሎድዝ ጌቶ ሲዘጋ ከ160,000 በላይ ሰው ውስጥ ቀረ። ምግብ በራሽን ነው የሚታደለው፤ እሱም አይበቃም። ከዚህ በኋላ የዳዊድ ደብተር ይቀየራል። ዳቦ ስንት ግራም ተሰጠ፣ ድንች ስንት ኪሎ መጣ፣ ሾርባው ወፍራም ነበር ወይስ ውኃ፣ ይሄንን ነው በየቀኑ የሚጽፈው። አንባቢ መጀመሪያ ላይ ይሰለቸዋል። ትንሽ ቆይቶ ግን ይገባዋል፤ የራበው ሰው ከዚህ ሌላ የሚያስበው ነገር የለውም።

ረሃቡ ቤተሰቡንም ሰነጠቀው። ዳዊድ አባቱ ከሌሎቹ ድርሻ ዳቦ እየወሰደ እንደሚበላ በምሬት ጽፏል። እናቱ ደግሞ የራሷን እየቀነሰች ለልጆቿ ትሰጥ ነበር። ሴፕቴምበር 1942 ላይ ናዚዎች ከጌቶው ሕፃናትን፣ ሽማግሌዎችንና በሽተኞችን መልቀም ጀመሩ። የዳዊድን እናት ሐኪሞች መረመሯት፤ ደካማ ናት ተብላ ተወሰደች። ከጌቶው በእነዚያ ቀናት የተወሰዱት ከ15,000 በላይ ሰዎች ሄልምኖ በሚባል ቦታ ተገደሉ። ዳዊድ ስለዚያ ቀን የጻፈውን ማንበብ በጣም ከባድ ነው።

የመጨረሻ ጽሑፉ ኤፕሪል 1943 ነው። ኦገስት ላይ፣ 19 ዓመት በሆነው በሁለተኛው ሳምንት፣ በረሃብና በሳንባ በሽታ ሞተ። ከጦርነቱ በኋላ ቤተሰቡ ይኖርበት የነበረው ቤት ባለቤት ሲመለስ ደብተሮቹን ምድጃ ላይ ተከምረው አገኛቸው። ከክምሩ ለማገዶ የነደደ ነበር። የተረፉት አምስት ደብተሮች ናቸው።

ይስሐቅ ሩዳሼቭስኪ፦ የተማሪው ሪፖርተር

ሩዳሼቭስኪ የቪልና ልጅ ነው፤ የዛሬዋ የሊትዌኒያ ዋና ከተማ ቪልኒየስ ማለት ነው። የጻፈው በዪዲሽ፣ ማለትም የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቤት ውስጥ በሚናገሩት ቋንቋ ነው። ጌቶ ሲገባ 13 ዓመቱ ነበር።

እሱ የሚገርመው በሌላ ነገር ነው። ጌቶው ውስጥ በድብቅም በግልጽም ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ክበብ ነበር። የታሪክ ክበቡ ልጆች መጠይቅ አዘጋጅተው አንድ ግቢ መርጠው ቤት ለቤት እየዞሩ ሰዎችን ይጠይቁ ነበር። ማን ነበርክ? ከየት መጣህ? ከቤተሰብህ ማን ቀረ? ልጆቹ ሌላ ሰው ታሪካቸውን እስኪጽፍ አልጠበቁም፤ ራሳቸው መዘገቡት።

ዲሴምበር 1942 የጌቶው ቤተ መጻሕፍት 100,000ኛውን መጽሐፍ ማዋሱን በበዓል አከበረ። አስቡት፣ ከጌቶው ውጭ ፖናሪ በሚባል ጫካ በሺዎች የሚቆጠሩ የከተማው ሰዎች ተረሽነዋል፤ የቀሩት ደግሞ መጽሐፍ እየተዋሱ ያነባሉ። ሩዳሼቭስኪ ለዚህ በዓል ደብተሩ ላይ ቦታ ሰጥቶታል። ለእሱ ማንበብ ከመሞት የሚያድን ነገር አልነበረም፤ እስኪሞቱ ድረስ ሰው ሆኖ መቆያ ነበር።

ጌቶው በ1943 ሲፈርስ ከቤተሰቡ ጋር ተደበቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ተይዘው ፖናሪ ተገደሉ። ገና 15 ዓመቱ ነበር። ጫካ ገብታ ከተዋጊዎች ጋር የተቀላቀለች የአክስቱ ልጅ ተርፋ፣ በ1944 ከተማዋ ነፃ ስትወጣ ወደ መደበቂያው ተመለሰችና ደብተሩን አገኘችው።

ፔትር ጊንዝ፦ ከጌቶ እስከ ጠፈር

ፔትር የፕራግ ልጅ ነው፤ የተወለደው ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1928። አባቱ አይሁዳዊ፣ እናቱ ክርስቲያን ናት። ይስላል፣ ልቦለድ ይጽፋል፣ ሳይንስ ይወዳል። ዳያሪው አጫጭር ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ቤት፣ ከዚያ ደግሞ በመሀል አንድ መስመር፦ እገሌ የሚባል ጎረቤት ተጠርቶ ሄደ። ስሜት የለበትም ማለት ይቻላል። ያ ዝምታ ራሱ ነው የሚያስደነግጠው።

በ1942፣ 14 ዓመት ሲሞላው፣ ብቻውን ቴሬዚንሽታት ወደሚባለው ጌቶ ተላከ። እዚያ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር «ቬደም» የተባለ መጽሔት ማዘጋጀት ጀመረ፤ ዋና አዘጋጁም እሱ ነው። ማተሚያ ስለሌለ አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው። አርብ ማታ ልጆቹ ተሰብስበው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡታል። ግጥም፣ ቀልድ፣ ቃለ ምልልስ፣ ስለ ጌቶው አስከሬን ማቃጠያ የተሠራ ዘገባ ሳይቀር ነበረው። ከ1942 እስከ 1944 በየሳምንቱ ወጣ። ከልጆቹ አንዱ ወደ 800 የሚጠጉ ገጾችን ደብቆ አተረፋቸው።

ፔትር ሴፕቴምበር 1944 ወደ ኦሽዊትዝ ተልኮ ተገደለ። 16 ዓመቱ ነበር።

ታሪኩ ግን እዚህ አላበቃም። የመጀመሪያው እስራኤላዊ የጠፈር ተመራማሪ ኢላን ራሞን፣ እናቱ ከኦሽዊትዝ የተረፈች ናት። በ2003 ኮሎምቢያ በተባለችው መንኮራኩር ሲበር፣ ፔትር በልጅነቱ መሬት ከጨረቃ ላይ ስትታይ ብሎ የሳለውን ሥዕል ቅጂ ይዞ ሄደ። መንኮራኩሯ ስትመለስ ተበታተነች፤ ሰባቱም ሞቱ። ቀኑ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ነው። ፔትር በሕይወት ቢኖር ያን ቀን 75 ዓመት ይሞላው ነበር።

ሥዕሉ በዜና ሲታይ ፕራግ የሚኖር አንድ ሰው ነገሩ ትዝ አለው። ቤቱ ውስጥ ከድሮ ጀምሮ የተቀመጡ ደብተሮችና ሥዕሎች ነበሩ። ለካ የፔትር ዳያሪ ነው። ከጦርነቱ የተረፈችው እህቱ ከ60 ዓመት በኋላ የወንድሟን የእጅ ጽሑፍ አየች፤ መጽሐፍ አድርጋም አሳተመችው።

ኤቫ ሄይማን፦ ዳያሪው ኢንስታግራም ላይ

ኤቫ የተወለደችው በ1931 ናጂቫራድ በምትባል ከተማ ነው። ከተማዋ ዳያሪው በተጻፈበት በ1944 ሃንጋሪ ሥር ነበረች፤ ዛሬ የሮማኒያ ኦራዴያ ናት። ኤቫ ስታድግ የፎቶ ጋዜጠኛ መሆን ነበር የምትፈልገው። ዳያሪው የሚጀምረው ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1944፣ 13 ዓመት በሞላት ቀን ነው። የሚያበቃው ሜይ 30 ነው። በቃ፣ ሦስት ወር ተኩል።

በእነዚህ ሦስት ወር ተኩል ውስጥ ምን ያህል ነገር እንደተከሰተ ተመልከቱ። ማርች 19 ጀርመን ሃንጋሪን ያዘች። ኤፕሪል ላይ አይሁዶች ቢጫ ኮከብ ልብሳቸው ላይ እንዲያደርጉ ተገደዱ። ፖሊሶች መጥተው የኤቫን ብስክሌት ወሰዱ። ከዚያ ቤቱ ተወሰደና ጌቶ ገቡ። ከዚያ ባቡሩ መጣ። ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁላይ መጀመሪያ ባሉት ሁለት ወራት ገደማ ውስጥ ከሃንጋሪ የተጫኑት አይሁዶች 440,000 ገደማ ናቸው፤ አብዛኞቹ የተወሰዱት ኦሽዊትዝ ነው። ኤቫም እዚያው በኦክቶበር ተገደለች። ዳያሪውን የቤተሰቡ ምግብ አብሳይ የነበረች ሴት ይዛ ቆይታ ለኤቫ እናት ሰጠቻት፤ እናቷም አሳተመችው።

በ2019 የእስራኤል የሆሎኮስት መታሰቢያ ቀን ሲደርስ «ኤቫ ስቶሪስ» የሚባል የኢንስታግራም አካውንት ተከፈተ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ኤቫ በ1944 ስማርት ስልክ ቢኖራት ምን ትለጥፍ ነበር? ተዋናይት ኤቫን ሆና በስቶሪ መልክ፣ ሴልፊ እየቀረጸች፣ ታሪኩን ተረከችው። አካውንቱ ወዲያው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተከታይ አገኘ።

ክርክርም ተነሣ። ገሚሱ «ወጣቱ ያለው ስልኩ ላይ ነው፤ ታሪኩን እዚያው ማድረስ ነው እንጂ!» አለ። ገሚሱ ደግሞ «ሃሽታግና ኢሞጂ ለጅምላ ግድያ? ይሄ ማርከስ ነው» አለ። እኛ የሁለቱም ይገባናል። አንድ ጥያቄ ግን እናንሣ፦ ስቶሪውን ያየ ሰው ስንቱ ዳያሪውን አነበበ? ስቶሪው በር ከሆነ ጥሩ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ቤቱን አየሁ ማለት ግን አይሆንም።

ሌላም መባል ያለበት ነገር አለ። በኤቫ እጅ የተጻፈው ዋናው ደብተር ዛሬ የለም። ያለን እናቷ ያሳተመችው ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች እናትየዋ ምን ያህል እንዳረመችው ይከራከራሉ። ይሄን መናገር የኤቫን ታሪክ አያሳንሰውም። ስለ አንድ ጽሑፍ የምናውቀውን በትክክል ማስቀመጥ ግን ግዴታ ነው።

ሩትካና ሬኒያ፦ 60 ዓመት የተደበቁ ደብተሮች

ሩትካ ላስኪየር ቤንጂን በምትባል የፖላንድ ከተማ የኖረች የ14 ዓመት ልጅ ናት። የጻፈችው በ1943 ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ብቻ፣ 60 ገጽ ገደማ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ስለምትወደው ልጅ፣ በሌላው ስለ ሞት። ሊተርፉ እንደማይችሉ ገብቷታል። ስታኒስዋቫ ሳፒንስካ ከምትባል አይሁዳዊ ያልሆነች ጓደኛዋ ጋር ተስማሙና፣ ደብተሩን ደረጃው ሥር ከወለሉ ጣውላ በታች ሸሸገችው። ስታኒስዋቫ ከጦርነቱ በኋላ አወጣችው። ከዚያ ከ60 ዓመት በላይ ለራሷ አስቀመጠችው። መጽሐፉ የታተመው በ2006 ነው።

የሩትካ አባት ተርፎ እስራኤል ሄዶ ሌላ ቤተሰብ መሥርቷል። እዚያ የወለዳት ልጁ፣ ፈጽሞ ያላየቻትን እህቷን በትክክል ያወቀቻት ዳያሪውን ስታነብ ነው።

ሬኒያ ሽፒገል ደግሞ የፕሼሚሽል ከተማ ነዋሪ፣ ገጣሚ ናት። ከጃንዋሪ 1939 ጀምራ ወደ 700 ገጽ ጻፈች። እናቷ በጀርመኖች በተያዘው የፖላንድ ክፍል፣ እሷና ታናሽ እህቷ በሶቪየት በተያዘው ክፍል ተለያይተው ቀሩ። ስለዚህ ዳያሪው እናቷን በመናፈቅ የተሞላ ነው። ጁላይ 1942 ላይ ወንድ ጓደኛዋ ዚግመንት ከጌቶ አውጥቶ ደበቃት። ጠቋሚ ተገኘ። ጁላይ 30 ቀን በጥይት ተገደለች፤ ገና 18 ዓመቷ ነበር። የዳያሪው የመጨረሻ መስመሮች የሬኒያ አይደሉም፤ ሞቷን የጻፈው ዚግመንት ነው።

ዚግመንት ከኦሽዊትዝ ተርፎ ደብተሩን ኒውዮርክ ለነበሩት የሬኒያ እናትና እህት አደረሰ። እነሱ ግን ማንበብ አልቻሉም፤ ቁስሉ ገና ነበር። ባንክ ካዝና ውስጥ አስቀመጡት። ለአሥርተ ዓመታት እዚያው ቆይቶ ያወጣችው የእህትየዋ ልጅ ናት። የእንግሊዝኛው ትርጉም የታተመው በ2019 ነው።

«ፌክ ነው» የሚለው ወሬስ?

አሁን ወደ ወሬው እንምጣ። «የአን ፍራንክ ዳያሪ በእስክሪፕቶ ነው የተጻፈው፤ እስክሪፕቶ ደግሞ በብዛት የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ውሸት ነው» የሚል ፖስት አይታችሁ ይሆናል። ሲሰሙት አሳማኝ ይመስላል። እውነታው ይሄውላችሁ።

ከወረቀቶቹ መሀል በእስክሪፕቶ የተጻፈባቸው ሁለት ብጣሽ ወረቀቶች መኖራቸው እውነት ነው። ግን የአን አይደሉም። ከጦርነቱ በኋላ የእጅ ጽሑፉ ሲመረመር የገቡ ማስታወሻዎች ናቸው። ዳያሪው ራሱ የተጻፈው በቀለም ብዕርና በእርሳስ ነው። የኔዘርላንድስ የጦርነት ጥናት ተቋም ወረቀቱን፣ ቀለሙን፣ ሙጫውንና የእጅ ጽሑፉን በፎረንሲክ ላብራቶሪ አስመርምሮ፣ በ1986 ሁሉንም የዳያሪውን ቅጂዎች ጎን ለጎን አድርጎ አሳተመ። ውጤቱ ግልጽ ነው፦ የጻፈችው አን ናት።

ውሸቱ አዲስ አይደለም። ገና በ1950ዎቹ ኦስትሪያ ውስጥ ቲያትሩ ሲታይ «አን የምትባል ልጅ አልነበረችም» እያሉ የረበሹ ወጣቶች ነበሩ። ይሄን ያየው ስምዖን ቪዘንታል የተባለው የናዚ አዳኝ፣ አንን የያዛትን ፖሊስ መፈለግ ጀመረ። በ1963 አገኘው። ሰውየው ቪየና ውስጥ አሁንም ፖሊስ ነበር፤ መያዙንም አመነ።

«አባቷ ቀንሶታል» የሚባለውስ? አዎ፣ ኦቶ ሁለቱን ቅጂዎች አዋህዶ ሲያሳትም አንዳንድ ነገር አውጥቷል። ይሄ ከ1986ቱ እትም ጀምሮ ለማንም ግልጽ ነው። በ2018 ደግሞ አን ራሷ በቡናማ ወረቀት ለጥፋ የሸፈነቻቸው ሁለት ገጾች በፎቶ ቴክኖሎጂ ተነበቡ። ምን ነበረባቸው? የብልግና ቀልዶችና ስለ ወሲብ የሰማችው ነገር። የ13 ዓመት ልጅ ናት እኮ!

ስታነቡ ልብ በሉ

አንደኛ፣ ጸሐፊዎቹ መጨረሻውን አያውቁም። እኛ ኦሽዊትዝ የሚለውን ቃል አውቀን ነው የምናነበው፤ እነሱ ግን ነገ ምን እንደሚመጣ ሳያውቁ ነው የጻፉት። አንዳንዴ «ለምን አልሸሹም?» ብሎ መጠየቅ የሚቀለን ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ የተረፈው በአጋጣሚ ነው። የዳዊድ ደብተሮች ከፊሉ ነዷል። የአን የ1943 የመጀመሪያ ቅጂ አብዛኛው የለም። መጻፍ ያልቻሉ፣ ጊዜ ያልተሰጣቸው፣ በመጡበት ቀን የተገደሉ ሕፃናት ደግሞ ምንም አልተዉም። የምናነበው ከተረፈው ጥቂቱን ነው።

ሦስተኛ፣ ቅዱሳን አታድርጓቸው። ከእናታቸው ጋር ይጣላሉ፣ ይቀናሉ፣ ያፈቅራሉ፣ ይዋሻሉ። ከእኛ ጋር የሚያገናኛቸውም ይሄው ነው።

እስራኤል የምትኖሩ ተከታታዮቻችን በየዓመቱ በመታሰቢያው ቀን ለሁለት ደቂቃ የሚጮኸውን ሳይረን፣ መኪና ቆሞ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ቀጥ ሲል ታውቁታላችሁ። የሩትካና የፔትር ደብተሮችም ያሉት እዚያው ኢየሩሳሌም፣ ያድ ቫሼም ነው።

የመጨረሻ አንድ ደብተር እንንገራችሁ። በ1944 የሎድዝ ጌቶ ውስጥ አንድ ወጣት ወረቀት አጣ። አንድ የፈረንሳይኛ ልቦለድ ነበረው። በገጾቹ ጠርዝና በባዶ ቦታዎቹ ላይ በአራት ቋንቋ ጻፈ፤ በፖላንድኛ፣ በዪዲሽ፣ በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ። ትንሽ እህት ነበረችው። የራሱን ዳቦ ጨርሶ ርቦት፣ የእህቱን ዳቦ እንደበላባት ጻፈ፤ ጽፎም በራሱ አፈረ። ያን ያህል ጊዜ ሲራብ ከርሞ፣ ያሳፈረው ግን ይሄ ነው። ጽሑፉ የሚቆመው ኦገስት 1944 ላይ፣ የጌቶው ነዋሪዎች ወደ ኦሽዊትዝ በሚጫኑበት ጊዜ ነው።

መጽሐፉ ተርፏል። ስሙን ግን የትኛውም ገጽ ላይ አልጻፈውም፤ እስከ ዛሬም ማን እንደሆነ አይታወቅም።